ጎተራ ይጨመር!

ምርቱ ከዓመት ዓመት እያነሰ ጎተራው የጎደለበት ገበሬ፣ መላ ብሎ ለሁለተኛ ጎተራ ጭቃ ማቡካት ቢጀምር ጎረቤቶቹ ጠበል ይወስዱታል እንጂ እንጨት አያቀብሉትም። ይኸው ሐሳብ በሲሚንቶ ሲሠራና የመሐንዲስ ፊርማ ሲያርፍበት ግን ስሙ የውሃ ልማት ይሆናል፤ የመሠረት ድንጋይ ይጣልለታል፣ ሪባን ይቆረጥለታል።

የዚህ ጥበብ ቅኔ ቤት የአሜሪካው ኮሎራዶ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የሰባት ግዛቶች ተወካዮች በኸርበርት ሁቨር ሰብሳቢነት ሳንታ ፌ ላይ ተቀምጠው ወንዙን ተካፈሉት፦ ለላይኛው ተፋሰስ በዓመት 9.25 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ፣ ለታችኛውም ያንኑ ያህል። በወንዙ ዳር ከጥንት የኖሩትን ነባር ሕዝቦች የጠራቸው አልነበረም። ሜክሲኮም 1.85 ቢሊዮን ገደማ ድርሻዋን ያገኘችው በ1944ቱ ውል ነው። ሲደመር ከ20 ቢሊዮን ያልፋል። ተዋዋዮቹ ሁሉ ሲፈርሙ ወንዙን ያስፈረመው ግን የለም፤ ከ2000 ወዲህ በአማካይ የሚያመጣው 15 ቢሊዮን ገደማ ነው። እኛ «ላም አለኝ በሰማይ» ብለን የምንቀልድበትን እነሱ ሕግ አድርገው አጸደቁት። ነገሩን አስቀድሞ የተናገረ ሰው ጠፍቶም አይደለም። ወንዙን በ1869 በጀልባ የወረደው ባለ አንድ ክንዱ ጆን ዌስሊ ፓውል፣ በ1893 ሎስ አንጀለስ በተካሄደ የመስኖ ጉባኤ ላይ ለመሬቱ ሁሉ የሚበቃ ውሃ እንደሌለ ቢናገር ተጮኸበት። ኋላ ግን ካሱት፦ ከግሌን ካንየን ግድብ ጀርባ የተኛው ግዙፍ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በስሙ ተጠራ። በቁሙ የጮኹበትን ሰው ከሞተ በኋላ ማንገሥ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ጎተራ በማብዛት የሚጠገብ ቢሆን ኖሮ ከኮሎራዶ በላይ የሚጠግብ ባልተገኘ። ሁቨር ግድብ በ1935 ተመረቀ፣ ግሌን ካንየን በ1963 ውሃ መያዝ ጀመረ፣ ሌሎችም ከላይና ከታች ተደረደሩ። ሁሉም ቢሞሉ የወንዙን የአራት ዓመት ፍሰት ያህል ይይዛሉ። ችግሩ «ቢሞሉ» የምትለው ቃል ላይ ነው። በ2022 በጋ ሚድና ፓውል የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ ሐይቆች ወደ ሩብ ይዘታቸው ወርደው ነበር፤ ሚድ ዳር ውሃው ሲሸሽ የሰው አፅም የያዘ በርሜል ብቅ እስኪል ድረስ። ሦስት አራተኛው ባዶ ከሆነ ጎተራ አጠገብ ሌላ ጎተራ ይሠራ ማለት ታዲያ ከፍ ያለ እምነት ይጠይቃል። ጎተራው ደግሞ ነቀዝ አለበት፤ ነቀዙም ፀሐይ ነው። ከተፋሰሱ ማጠራቀሚያዎች በዓመት ከ1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይተናል። ላስ ቬጋስን የያዘችው የኔቫዳ ግዛት ሕጋዊ ድርሻ 0.37 ቢሊዮን ገደማ ነው። ፀሐይ በ1922ቱ ስብሰባ ላይ ባትጠራም ከአንዲቱ ፈራሚ ሦስት እጥፍ ያህል ትጠጣለች። ያንኑ ውሃ በብዙ ሰፋፊ ገበታ ባዘረጋንላት ቁጥር ደግሞ ማዕዷ ይሰፋል።

«ግድብ እኮ የክረምቱን ጎርፍ ለበጋ፣ የጥጋቡን ዓመት ለድርቁ ያቆያል» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የመጀመሪያው ጎተራ ለዚህ ተሠርቷል፣ ሠርቷልም። አምስተኛው የሚያቆየው ትርፍ ግን ከየት ይምጣ? የሁቨር ግድብ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻ ለሙከራ ከተከፈተበት ከ1941 ሌላ ውሃ የፈሰሰበት አንድ ጊዜ፣ በ1983 ብቻ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ጎተራው ራሱ በላተኛ መውለዱ ነው። ግድብ በተሠራ ማግስት ቦይ ይቆፈራል፣ ቦዩ ሥር አልፋልፋ የሚባል መኖ ይዘራል፣ አልፋልፋውን የሚጠብቅ ከብት ይረባል፣ ከብቱም ጠበቃ ይቀጥራል። ከወንዙ ውሃ አብዛኛውን የሚወስደው እርሻ ሲሆን፣ ከእርሻውም ቀዳሚው የከብት መኖ ነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠው ውሃ በደህናው ቀን ባለቤት ተገኝቶለት፣ ክፉው ቀን ሲመጣ የተጨመረ ነገር ቢኖር የተጠማው ሰው ቁጥር ነው። የዚህን ጊዜ መፍትሔው ይታወቃል፤ ሌላ ግድብ።

«የዓባይ ግድባችንን በጎን ልትነካ ነው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ኃይል ማመንጫ ውሃውን ተርባይን አሽከርክሮበት ይለቀዋል እንጂ እርሻ ላይ አያስቀረውም፤ ኢትዮጵያም ዓባይን ጠጥታ አልጨረሰችውም። ከእኛ ወንዞች የኮሎራዶ ታናሽ ወንድም አዋሽ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ውሃ ሊይዝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የይዘቱን ትልቅ ድርሻ ለደለል አስረክቧል። ጎተራው በእህል ፈንታ አፈር ሲሞላ የከሰምና የተንዳሆ ግድቦች ተጨመሩ፤ ያውም አፋር ውስጥ፣ ነቀዙ በሚበረታበት ሙቀት፣ ውሃ ለማይጠግበው ሸንኮራ አገዳ። ለዘመናት የወንዙን ዳር ለበጋ ግጦሽ ሲጠብቅ የኖረው አርብቶ አደርም መሬቱን ለልማት አበረከተ ተባለ።

ላስ ቬጋስ ግን ጨዋታውን ታበላሻለች። ሕዝቧ ከእ.ኤ.አ. 2002 ወዲህ በብዙ መቶ ሺህ ጨምሮ ሳለ ከወንዙ የምትወስደው ውሃ ቀንሷል። ከቤት የሚወጣውን ፍሳሽ አጣርታ ወደ ሚድ ሐይቅ ትመልሳለች፤ ግዛቷም በ2021 ባወጣችው ሕግ ማንም የማይረግጠው ጌጠኛ ሣር እንዲነቀል አዘዘች። ሣር ሲነቀል ማርሽ ባንድ አይመታም፣ የሚያፈስ ቧንቧ ሲጠገን ሪባን አይቆረጥም፤ ሹም ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት ከፍታም የለውም። ስለዚህ ባለቀ ወንዝ ላይ የሚቀጥለው የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ከታደማችሁ፣ ጭብጨባው ጋብ ሲል እጃችሁን አውጡና አንዲት ነገር ጠይቁልኝ፦ ይህን የሚሞላው ውሃ ከማን ቦይ ተቀንሶ ነው?