መዶሻም መደሰቻ ነው

«ደሞ ብረት መቀጥቀጥ መዝናኛ ሆነ? ይሄ እኮ የቡዳ ሥራ ነው!» ብለህ ጎንደር ፒያሳ መሀል ስትጮህ ሰማሁህ፣ አያ። አልተቀየምኩም። አንተ ወናፍ ነህ። ልዩነታችሁ አንድ ነው፤ ወናፍ ሲነፋ እሳት ይነድዳል፣ አንተ ስትነፋ የሰው ቡና ይቀዘቅዛል። እናንተ በረንዳ ላይ ያላችሁ፣ ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉት። ዛሬ የሚቀጠቀጠው ብረት ብቻ አይደለም።

መዝናኛ ማለት ከረንቡላ ነው አልክ። እሺ። አንተ ቀኑን ሙሉ በእንጨት ኳስ ስትቀጠቅጥ ትውላለህ፣ እኔ በመዶሻ ብረት ስቀጠቅጥ አበደ ተባልኩ። የእኔ ቅጥቀጣ ማታ የበር መቀርቀሪያ ይሆናል። የአንተስ? ማታ ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳ ደግሞ መቀርቀሪያ አያግደውም።

«ቀጥቃጭ ቀን ቀን ሰው ነው፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል» አልክ። ይሁንልህ። ማታ ጅብ መሆን የሚችል ሰው ቀን ወናፍ ሲነፋ የሚውለው ምን አጥቶ ነው? አህያ በነጻ እየበላ ማን ማጭድ ሠርቶ ሽሮ ይሸምታል? ደግሞ ወደዚህ ወሬ ባትገባ ይሻልህ ነበር። በአገራችን ተረት አያ የሚባል አንድ አውሬ አለ፤ አያ ጅቦ። በዚህ በረንዳ ላይም አያ የሚባል አንድ ሰው አለ። ዝምድናውን ታዳሚው ይቁጠረው።

ወለቃን ታውቃታለህ፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ ከተማው ገና ከኋላ ሳይጠፋ የምትገኘው መንደር ናት። ከእሷና ከመሰሎቿ የቤተ እስራኤል መንደሮች ነበር ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው የሚወጣው። ያንተ አያቶች ጠዋት ማረሻ ያሠሩ ነበር፤ ማታ «ቡዳ መጣ» ብለው በር ይዘጉ ነበር። ለመሆኑ በሩን የዘጉበት ማጠፊያ ማን የሠራው መሰለህ? በ1977 ዓ.ም ከእነሱ ሺዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሄዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በረሩ። እንደ አንተ አነጋገር ቢሆን በማግስቱ ጎንደር ጅብ የሚባል ማየት አልነበረባትም። ጅቡ ግን ይኸው አለ! ዛሬም ሲመሽ ያጓራል። ምነው፣ ቪዛ ተከልክሎ ቀረ?

እናትህ አንተን የወለዱ ጊዜ ራስጌያቸው ቢላዋ ተደርጎ ነበር፤ አራስ ብረት አይለያትም፣ ዓይን እንዳይነካት። ልብ በሉ እንግዲህ። የቀጥቃጩን ዓይን ለመከላከል የቀጥቃጩን ቢላዋ! በሽታውም ሐኪሙም አንድ ሰው ነው ማለት ነው። አያ፣ አንተ ያደግከው በፈራኸው ሰው ጥበቃ ነው፤ የዘበኛ እንኳ አልከፈልክም።

ሕግ አዋቂ ነኝ ትላለህና አዋጅ ልንገርህ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው የሚሰድበው እኔን ነው ብለው አወጁ፤ ከዚያ በኋላ ሲሳደብ የተገኘ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ዕድለኛ ነህ፣ ዘግይተህ ተወለድክ። ያኔ ቢሆን ኖሮ ይህን የምትሰማው እግር ብረት ውስጥ ሆነህ ነበር። እግር ብረቱን የሚሠራልህም ያው የሰደብከው ሰው ነው። ልክህን ሲወስድ ምን ያህል ጠበቅ እንደሚያደርገው አስበው።

«እኔ የጨዋ ልጅ ነኝ፣ ከመሳፍንት ዘር!» አልክ። መስፍን መሆንህን ማን ጠየቀህ? እኔ የጠየቅኩህ መስፍ አለህ ወይ ነው። ዘመነ መሳፍንት አልፏል፤ ዘመነ መስፍ ግን ገና ነው። ይልቅ ያን ዘመን የዘጉትን የቋራውን ሰው ተመልከት። አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያንን ሰብስበው «መድፍ ሥሩልኝ» አሉ። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም። መጀመሪያ ሞከሩ፣ ከሸፈ። እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ፤ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ጀማሪ ማለት እንዲህ ነው! ሰባኪው መድፍ አቀለጠ። አንተ ሚስማር ለማቃናት ሰባት ቤት ትቆጥራለህ።

አሁን ደግሞ ድምፅህ ለስለስ አለ። «እሺ፣ ልጀምር። ግን መጀመሪያ የምሠራው ጎራዴ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ።» እሰይ! ጉጉት አለህ፤ ጉጠት ግን የለህም። ጎራዴውን ተወው፣ ከማን ጋር ልትዋጋ ነው? ከአከራይህ ጋር? አንድ ስንዝር ተኩል ፌሮ ያዝ። ኩላብ ነው የምትሠራው፤ አዎ፣ ልብስ መስቀያ። አትሳቅ። መጀመሪያ የቁምጣህ መስቀያ ይኑርህ፣ ከዚያ የጎራዴ ታጣቂ ትሆናለህ።

«መስፍ ውድ ነው።» ጋራዥ ሂድ፣ ከከባድ መኪና የተጣለ ወፍራም የብረት ቁራጭ ለምን፤ ከግንድ ጉማጅ ላይ አጥብቀህ እሰረው። ሃዲድ ካገኘህ ደግሞ ደህና ነው፤ ጎንደር ባቡር ስላልገባ ግን ሃዲድ ፍለጋ ስትዞር ጡረታ ትወጣለህ። «እሳቱን በምን ላናፋ?» መሬት ቆፍር፣ የብረት ቱቦ አስገባ፣ በሚስትህ ፀጉር ማድረቂያ ንፋ። እሷ ካልሰማች እሳቱ ይነድዳል፤ ከሰማች አንተ ትነድዳለህ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያ የናቅከው የፍየል ቆዳ ወናፍ ይስቅብሃል፤ እሱ ቆጣሪ የለውም።

«ጎንደር ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ብረት አይግልም።» ይህቺን ከየት አመጣሃት? ከተማችን 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ተሰቅላ ማረሻዋን ስታሾል ኖራለች። አየሩ አልሳሳም፤ የሳሳው ሰበብህ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥላ ግባ። እሳትህን የቀትር ፀሐይ ላይ አታድርግ፤ ፀሐይ የብረቱን ቀለም ትሰርቅብሃለች። «አልጋለም» ብለህ የጨበጥከው ብረት መዳፍህን ያለ ጠንቋይ ያነብልሃል። በጥላ ውስጥ ግን ሁሉም ይታያል፤ ፌሮው መጀመሪያ ደብዛዛ ቀይ ይሆናል፣ አትንካው። ይፈካል፣ ብርቱካን ይመስላል፣ አሁን አውጣ! ጫፉን ከመስፉ ዳር አስደግፈህ አንድ ምታ፣ ሩብ ዙር አዙር፣ ምታ፤ መጀመሪያ ባለ አራት ማዕዘን ሹል ይውጣው፣ ከዚያ ማዕዘኖቹን ሰባብረህ አክብበው። ቅርፊቱ እየተላጠ ይረግፋል፣ ድምፁም ከለስላሳ ወደ ጠንካራ ይለወጣል። ቀዩ ሲደበዝዝ ተው። አያ ግን አይተውም! ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው እሱ የሚግለው። ጥቁር ብረት ሲደበድብ ያየው ሁሉ የቂም ጉዳይ መስሎት ሊያስታርቅ ይመጣል። ብረቱ እሳት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወሬ ይጀምራል፤ ወሬው ሳያልቅ ጫፉ ብልጭ ብልጭ እያለ ይቃጠላል፣ ከሰሉም አመድ ይሆናል። ከሰል ገዝቶ መክሰር ይኼ ነው።

ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ቢላዋ አማረህ። ባሌስትራ አገኘህ፣ ደግ። አጋልከው፣ ማግኔት አልይዝ እስኪለው ድረስ፣ ወደ 770 ዲግሪ መሆኑ ነው፤ ትንሽ ጨመር አደረግክለት፣ እሱንም ደግ። ከዚያ ውሃ ውስጥ ነከርከው። ጢን! ተሰነጠቀ። «የሰው ዓይን ነው!» አልክ። ዓይን አይደለም፣ ጆሮ ነው፤ ያንተ ጆሮ። ባሌስትራ ለብ ባለ ዘይት ነው የሚነከረው ስትባል የት ነበርክ? ቀጥሎ ያንኑ ዘይት ለፌሮ ኩላብህ አጠጣኸው። ፌሮ ካርቦኑ ጥቂት ነው፣ እንኳን ዘይት ማር ብታጠጣው እንደ ባሌስትራ አይጠነክርም። ስል ቢላዋ እሠራለሁ ስትል ስትል ምላስህ ብቻ ተሳለ።

ግን ታዳሚ ሆይ፣ ትልቁ ገና ነው። አያ ባለፈው ሰሞን አሮጌ የውሃ ቧንቧ አገኘ፤ ያ የሚያብረቀርቀው፣ ዚንክ የተቀባው። መስኮቱን ዘጋ፤ ጎረቤት እንዳያይ። ቧንቧውን እሳት ውስጥ ከተተ። ነጭ ጭስ ክፍሉን ሞላው። አያ «ዕጣን ዕጣን ይላል» ብሎ ሳበው። ሲመሽ ብርድ ብርድ አለው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀው፣ አፉ ውስጥ ሳንቲም ሳንቲም አለው። የዚንክ ጭስ የዋዛ አይደለም፤ ቅቡ ሳይነሳለት እሳት የሚገባ ብረት የለም፣ ዝግ ቤት ውስጥማ ጨርሶ። አያ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቡዳ በላኝ!»

ዘመድ ተሰበሰበ። ጭስ ያሳመመውን ሰው በጭስ ሊያድኑት ሌላ ጭስ አጨሱበት። አንዲት አክስቱ አፍንጫውን ይዘው ጠየቁ።

«ማነህ አንተ የበላኸው?»

«ቧንቧ ነኝ!»

«ከየት መጣህ?»

«ከአዘዞ! ስድስት ሜትር ነበርኩ፣ እሱ ቆራርጦኝ ነው!»

«ምን ሰጥተንህ ትለቀዋለህ?»

«መስኮቱን ክፈቱት!»