የፍሪጁ ክስ
በእንግሊዝ አውራ ጎዳና ካራቫን (ተጎታች የጉዞ ቤት) የሚጎትት ሰው ወተቱ ሲበላሽበት ፍሪጁን ይከሳል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። በ12 ቮልት የሚሠራው ፍሪጅ ብዙውን ጊዜ 10 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከመኪናው ተነስቶ በቀጭን ሽቦና ዝገት በበላው ሶኬት እየተንጠባጠበ ነው የሚደርስለት። 12 ቮልቱ 10 ሆኖ ከደረሰ የማሞቂያው ጉልበት በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል (አዎ፣ ይህ ፍሪጅ የሚያቀዘቅዘው በማሞቅ ነው፤ ባለቤቱ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም)። «ለክቼዋለሁ፣ 12 ያሳያል» ባይ አይጠፋም። ፍሪጁን አጥፍቶ ከሆነ የለካው፣ ሥራ የፈታ ሽቦ ሁሌም ጨዋ ነው። «እንግዲያው ፍሪጁን በጉዞ ላይ በጋዝ ላስኪደው» ለሚለው ደግሞ፣ የሚነድ እሳት ይዞ ነዳጅ ማደያ መግባት ወተት ከማጣት ይብሳል። ይልቅ ሞተሩን አስነሱ፣ ፍሪጁን አብሩ፣ ከዚያ ቮልቱን ከጀርባው ለኩ።