«መኪናህ የታለ?» ላልሽኝ

ብሪስቶል፣ እንግሊዝ
ኅዳር 12

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከናፍቆትሽና ከዚህ አገር ብርድ በቀር ደህና ነኝ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን። ይህን የሚያነብልሽ የእህቴ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ። አንተ ልጅ፣ ጎረቤት ለቡና ተሰብስቦ ከሆነ የሚቀጥለውን ዝለለው። ማታ ለብቻዋ ታነብላታለህ።

እማዬ፣ ባለፈው በስልክ «ከመኪናህ ጋር ሆነህ ፎቶ ላክ» ካልሽኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መኪና የለኝም። ሥራ የምሄደው በብስክሌት ነው። አዎ፣ ያኔ በልጅነቴ በሰዓት ተከራይቼ፣ ጉልበቴ ተልጦ ስመለስ በአርጩሜ የገረፍሽኝ ብስክሌት። ሳንቲም ጠፍቶ አይደለም። ጠፍቶም ነው፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ከዚህ ጀምረህ ጮክ ብለህ አንብብ።

የምሠራው ባዝ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ነው። የምኖረው ብሪስቶል። መጀመሪያ ብስክሌቷን እንደገዛሁ አውራ ጎዳናውን ይዤ ሄድኩ። መንገዱ ጠባብ፣ መኪናው እንደ ጉንዳን። አንድ ከባድ መኪና በመስታወቱ ጆሮዬን ሊልሰኝ ጥቂት ሲቀረው አለፈኝና የቀረውን መንገድ ብስክሌቷን እየገፋሁ በእግሬ ጨረስኩት። ሥራ የገባሁት ሽንኩርቱ ሁሉ ተልጦ ካለቀ በኋላ ነው። አብራኝ የምትሠራ ሴት ፊቴን አይታ «ለምን በባቡሩ መንገድ አትመጣም?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ከከባድ መኪና አምልጬ ባቡር ፊት ልሂድ? ምን በድያት ነው ብዬ ሳምንት ሙሉ ኮረፍኳት።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ተዘጋ፣ ብረቱም ተነቀለ። ከ1979 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ደግሞ ብስክሌት የሚወዱ ሰዎች በደቦ አካፋና ዶማ ይዘው ወጡና መንገዱን ደልድለው የብስክሌትና የእግረኛ አደረጉት። ጠላ ስለመቅረቡ የሰማሁት ነገር የለም። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መኪና አይገባበትም፤ ግራና ቀኙ ዛፍና ቁጥቋጦ። ባቡር ዳገት ስለማይወድ የድሮዎቹ መሐንዲሶች ጉብታውን ቆርጠው፣ ጎድጓዳውን ሞልተው ሜዳ አስመስለውታል። እኛ መካነ ሰላም ባቡር መጥቶ ቢሆን፣ ከከተማችን ቁልቁል ወደ ዓባይ ሲያይ በመጣበት ይመለስ ነበር።

ሴትዮዋን ይቅርታ ጠየቅኋት። «አሁን ባቡር የለም፣ አትፍራ» አለችኝ። በመጀመሪያው እሁድ ቢተን ከምትባል መንደር አጠገብ ስደርስ ከኋላዬ «ቡ....!» የሚል ፉጨት። ዞር ስል ጥቁር ባቡር ጭሱን እያትጎለጎለ ይመጣል! እመብርሃን አልኩና ከነብስክሌቴ ጫካው ውስጥ ገባሁ። ለካስ ባቡር የናፈቃቸው ሽማግሌዎች ጥቂት ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከመንገዱ ጎን መልሰው ዘርግተው፣ በዕረፍት ቀን በእንፋሎት ባቡር ሰው ያንሸራሽራሉ። በመካከላችን አጥርም ነበረ፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። የወደቅሁበት ደግሞ ሳማ ነው። የእንግሊዝ ሳማም ያው ሳማ ነው እማዬ፣ በምንም አይለይም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዋሻ አለብኝ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ውጭ ሐምሌያቸው ሞቆ እያለ እንኳ ውስጡ የለጋምቦ ውርጭ ነው። ከጣራው ውሃ ጠብ ይላል፣ አንዳንዴ ማጅራቴ ላይ። አምፖል አለው፣ ግን ጭል ጭል የሚል ነው፤ ከፊት የሚመጣው ሰው ይሁን ጥላ ሳይለይ ይደርስብሻል። ስለዚህ ሁሉም ደወሉን ይደውላል። የእኔዋ ደወል «ቲን» ብላ ታፍራለች። አንድ ቀን በረዥም ገመድ የታሰረ ውሻና ባለቤቱ ግራና ቀኝ ተለያይተው መሐል ገባሁላቸው። የሆነውን አልነግርሽም። ውሻው ደህና ነው።

ከሥራ ዘግይቼ ስመለስ ቀበሮ ከፊቴ ታቋርጣለች። የዚህ ከተማ ቀበሮ የቆሻሻ መጣያ ከፍታ እራቷን የምትበላ ናት፣ ሰውም ቀና ብሎ አያያትም። እኔ ግን ሁልጊዜ ፍሬን ይዤ እቆማለሁ። ደንቆሮ ጫካ፣ አሁን ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ በሚባለው ውስጥ ያለችው ቀይ ቀበሮ ትዝ ትለኛለች። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የለችም ብዬ ለአንድ አብሮኝ ለሚነዳ ፈረንጅ ነገርኩት፤ ከተማህ ማን ትባላለች አለኝ። መካነ ሰላም ብዬ ትርጉሙን ስነግረው «የሰላም ቦታ ከሆነ ለምን መጣህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም ብዬ የብስክሌቴን ካቴና ዘይት መቀባት ጀመርኩ።

ጎረቤት ምን ይላል የሚለው እንደሚያስጨንቅሽ አውቃለሁ። ንገሪያቸው፦ ሀገራችን መጀመሪያ ኦሊምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ሌላ የላከችው ብስክሌተኞችን ነው። ገረመው ደንቦባ ከነሱ አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ ባሕር ዳርም ትልቅ ሰው በብስክሌት ሲሄድ ማንም አያፍርም። ደግሞስ እኛ መቼ አውራ መንገድ እንወዳለን? አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መኪናው በአቀስታ በኩል ከደሴ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲያስቅመን እሱ በቅሎውን ይዞ በአቋራጭ ገበያ ደርሶ ይመለስ ነበር። እኔ አስፋልት ያየሁ ቀን ዘለልኩ። አሁን አስፋልቱን ለመሸሽ ራሴ ላይ የፕላስቲክ ቆብ ደፍቼ በጨለማ እነሳለሁ። አባዬ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር።

ለፎቶው መላ አግኝቻለሁ። መንገዴ ባዝ ላይ ከሚያልቅበት ብዙ ሳይርቅ ፌርፊልድ የሚባል ቤት አለ። ጃንሆይ በስደት ሳሉ እስከ 1932 ዓ.ም. የኖሩበት ነው፤ የሕይወት ታሪካቸውንም የመጀመሪያ ክፍል የጻፉት እዚያ ነው፤ ኋላም ቤቱን ለከተማዋ አዛውንቶች ብለው ሰጡ። ብርዱን እንዴት እንደቻሉት እንጃ። በሩ ላይ ቆሜ እነሳለሁ፣ ግድግዳ ላይ ትሰቅዪዋለሽ። ብስክሌቷን ግን በመቀስ ቆርጠሽ እንዳታወጫት፣ አደራ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የአባዬ በቅሎ አንገት ላይ የነበረችው ቃጭል ጓዳ ተንጠልጥላ ከሆነ፣ ሰው ሲመጣ ከበርበሬው ጋር ላኪልኝ። ዋሻው ውስጥ የምትሰማ እሷ ብቻ ናት።

ልጅሽ