ፎጣ ያገለደሙ ሐኪሞች

ጉልበቴን ቁርጥማት ሲጀምረው ፍልውሃ እሄዳለሁ። ውሃውን እወደዋለሁ፤ የሚያስመርረኝ ወረፋው ነው። ሐኪም በሐኪም ሆኗላ! ገና አግዳሚው ላይ ሳልደላደል ባለፎጣው ጎረቤቴ ምርመራውን ጨርሷል፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ሪህ ነው። ሰባት ቀን ተዘፍዘፍ፤ ኪኒን የሚባል ነገር እንዳትነካ!»

ምስጋና ይገባቸዋል። አገሩ ሐኪም አነሰው እየተባለ ስንት ዘመን ሲለቀስ፣ ለካ ሁሉም ፎጣ አገልድሞ እዚህ ተቀምጧል። ደም አይቀዱ፣ ራጅ አያዙ፤ አረማመድ አይተው ይፈርዳሉ። እንግዲህ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጠቅልሎ ወደ ፍልውሃ ይውረድ። ተማሪውም ስድስት ሰባት ዓመት ከሚንገላታ ሰባት ቀን ወረፋ ይያዝ። ሲመረቅ በጋውን ፋንታ ፎጣ፣ በልብ ማዳመጫ ፋንታ ነጠላ ጫማ ይሸለም፤ መሐላውንም እስከ አንገቱ ተነክሮ ይፈጽም። ስፔሻሊስት መሆን ያማረው ሶደሬ ይላክ፤ ፕሮፌሰርነት ወንዶ ገነት ላይ ይጽደቅ። ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ካለ ተራ ቁጥር ይቁረጥና ይጠብቅ።

ማስረጃ ካማራችሁም አለ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ በፊንፊኔ ፍልውሃ ሲታጠቡ ቦታውን ወድደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ አሏት። ከተማ ያስቆረቆረ ውሃ ጉበት ማደስ ያቅተዋል?

ለጨጓራ የባለፎጣው ትእዛዝ «ጠጣው» ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ ሲበዛበት ጥርስ ያበልዛል ብትሉት፣ «በሽታው በጥርስ በኩል እየወጣ ነው» ይላችኋል።

ባለፈው ግን አንዲት አሮጊት «እማማ፣ ይሄን የስኳር መርፌ ይተዉት፤ ውሃው ይበቃዎታል» ሲባሉ ሰማሁ። ሽሙጤ እዚህ ላይ አለቀ። ሙቅ ውሃ የደረቀ መገጣጠሚያን ያፍታታል፤ ኢንሱሊንን አይተካም። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ሰው መርፌውን ካቆመ ይሞታል። ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ደግሞ ውሃው ሲልጠው እንኳ አይሰማውም። ስለዚህ ዝም በሉ! ታጠቡ፣ ተጨዋወቱ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውሩ፤ የሰው መድኃኒት ላይ ግን እጃችሁን አታስገቡ።

ሐኪም ቢሳሳት ስሙና ፊርማው ማዘዣው ላይ አለ፤ ይጠየቃል። ባለፎጣው ተራው ሲጠራ ተነሥቶ ይገባል፤ ታጥቦ ሲወጣም የመከራቸውን እናት መልክ አያስታውስም።