ጃርት በሁለቱ ዳር

ተረት ተረት! «የላም በረት» ያላላችሁ በልባችሁ በሉልኝ።

በሸዋ ሮቢት ፀሐይ የምትወጣው ለመጥበስ ነው። ከጣርማ በር ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ የወረደ ደገኛ ጋቢውን ሳያወልቅ ላቡ ይቀድመዋል። ስለዚህ የይፋትን ቆላ ሰው ስለ ጥላ የሚያስተምረው የለም። ሰው የሚዳኘውም፣ የሚታረቀውም፣ በሽንኩርት ዋጋ የሚጨቃጨቀውም ዋርካ ሥር ነው። ሞገስ ያጣውን ጥላ ቢስ ይሉታል፤ የሚፈራውን ደግሞ ጥላው ከባድ ነው ይላሉ። የፖለቲካ ሰዎቻችን ግን የእንግሊዞቹን «የጥላ ካቢኔ» ሲያመጡ ቃሉን ሳይፈሩት አልቀሩም፤ «ትይዩ ካቢኔ» አሉት። እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ጥላ ባለቤቱ በሄደበት ይከተላል፣ ትይዩ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ጃርቱ ጋ ስንደርስ ትፈለጋለች።

አንድ ዘመን የሮቢ ወንዝ አራዊት የውኃ አባት ሊመርጡ ተሰበሰቡ። የውኃ አባት የመስኖውን ተራ የሚያደላድል ነው፤ ሽንኩርትና ማሾ በውኃ በሚበቅልበት አገር ከዚያ የሚበልጥ ሹመት የለም። ምርጫው ጠጠር በመጣል ነበርና የአንበሳ ጠጠር ክምር ሆነ። የጃርት ወገን ጠጠር አንድ ቅል አልሞላም።

አንበሳ ሹመኞቹን ጠራ። መቆፈር ያውቃል ብሎ ከርከሮን በቦዩ ላይ ሾመ። ሌሊት አይተኛም ተብሎ ጅብ የከብት ጉዳይ ተሰጠው። ዝንጀሮ የማሽላው ጎተራ ኃላፊ ሆነ። አትሳቁ፤ ከዚህ የባሰ ሹመት አይተናል።

የተሸነፉት ወደ ጫካቸው ሊበተኑ ሲሉ የአውሮፓን ብርድ ሸሽታ የመጣች ወፍ ዛፉ ላይ ሆና ተናገረች። «በቴምዝ ዳር አንድ አዳራሽ አለ። ተሸናፊዎቹ ከአሸናፊዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በመካከላቸው ሁለት ሰይፍ የሚያህል ወለል አለ ይባላል፤ በግራም በቀኝም ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ለእያንዳንዱ ሹም አንድ ተመልካች ቆሞለታል። የእህል ተመልካቹ አንዲት ፍሬ አይነካም። ይቆጥራል፣ ይጠይቃል፣ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር ይላል። የተመልካቾቹ አለቃ እንግሊዞች ሕግ ካወጡበት ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደመወዙን የሚቀበለው ከመንግሥት ካዝና ነው።»

«ለጠያቂ ደመወዝ!» ብሎ ጅብ እስኪንከባለል ሳቀ። በእርግጥ የእኛ ሕገ መንግሥት ስለ ትይዩ ካቢኔ አንድም ቃል የለውም።

ጃርትና ጓደኞቹ ግን ያለ ደመወዝም ቢሆን በማዶው ዳር ተደረደሩ። ጅግራ ከዝንጀሮ ትይዩ ተቀመጠች፤ ጎተራው በተከፈተ ቁጥር ትቆጥራለች። ኤሊ የጅብ ደረሰባት፤ ዝግ ትላለች እንጂ አትረሳም። አለቃው ጃርት ራሱ ቦዩን ያዘ። በቦዩ ግድብ ላይ ስንጥቅ ነበረ። ጃርት በየማለዳው እሾሁን አቁሞ «አቶ ከርከሮ፣ ስንጥቁ ዛሬ ስንት ስንዝር ደረሰ?» ይላል። ከርከሮ በንዴት ያጓራል። ወዲያው ግን ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ አንድ ቅርጫት ጭቃ ይደፋበታል። የደፈነው ግድቡን ወድዶ ሳይሆን ጃርትን ጠልቶ ነው፤ ቢሆንም ተደፈነ።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቁመውና የሰው ስም ልጥራ።

በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን አሸንፎ ነበር። ከንቲባ እንዲሆኑ የታጩት ብርሃኑ ነጋ ነበሩ። ወንበሩን ግን አልተረከቡም፤ ውዝግቡ ወደ እስር አመራ። በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ የታፈሱ ወጣቶች ከተጋዙባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ነው፤ ስለዚህ የእኛ ከተማ ለዚህ ተረት ባዕድ አይደለችም። ብርሃኑ ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ ግንቦት 7ን መሩ፣ በ2010 ወደ አገር ተመለሱ። በግንቦት 2011 ሰባት ፓርቲዎች ከስመው ኢዜማ ተመሠረተ። ኢዜማ አንድ ብልኅ ነገር አደረገ፤ መሪውንና ሊቀመንበሩን ለየ፣ ለመንግሥት ሥራ የሚዘጋጅ ትይዩ ካቢኔም አቆመ። የሚቃወም ፓርቲ ብዙ ባየንበት አገር፣ የሚቃወመውን ሥራ ዘርፍ በዘርፍ የሚያጠና መምጣቱን ወድጄው ነበር።

የሰኔ 2013 ምርጫ መጣ። 547 መቀመጫ ካለው ምክር ቤት ኢዜማ 4 ወንበር አገኘ። መስከረም 26 ቀን 2014 ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ ያን ዕለት የአብኑ በለጠ ሞላና የኦነጉ ቀጀላ መርዳሳም ተሾሙ። አንዳንዱ ሰው ሥልጣኔ ነው አለ፣ ሌላው ተሸጡ አለ። እኔ በሁለቱም አልገባም። እኔን የገረመኝ በዚያው ዓመት ክረምት የሆነው ነው፤ ሚኒስትሩ በኢዜማ ጉባኤ ተወዳድረው እንደገና የፓርቲው መሪ ሆነው ተመረጡ።

ወደ ሮቢ እንመለስ። አንበሳ አንድ ቀን ወደ ወንዙ ወረደና «ጃርት ሆይ፣ ስንጥቁን እንዳንተ የሚያውቀው የለም። ና፣ ቦዩን አንተ ያዘው» አለው። ጃርት ጓደኞቹን ሰብስቦ አማከረ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ሂድ አሉት። ቆይተው ደግሞ አለቅነቱንም መልሰው ለእሱው ሰጡት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጅግራ ናት የምትናገረው። ጃርት ማለዳ በማዶው ዳር እሾሁን አቁሞ «ስንጥቁ ዛሬ ስንት ስንዝር ደረሰ?» ይላል። ከዚያ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይሻገራል፤ እሾሁ ረጥቦ ይተኛል። በከርከሮ ወንበር ተቀምጦ ጉሮሮውን ይጠርግና «ጉዳዩ እየታየ ነው» ብሎ ይመልሳል። እንደገና ይሻገራል። «መልሱን ሰምተናል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ።» በሦስተኛው ሳምንት ውኃው በረደውና መሻገሩን ተወ፤ ጥያቄውንም መልሱንም እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጨርሰው ጀመር። ኤሊ አንድ ጊዜ «እኔ ልጠይቅልህ?» አለችው። «በቦዩ ጉዳይ ጠያቂው አለቃው ነው፤ ደንባችንን አታፍርሺ» አላት።

መቼም እውነት እውነት ነው፤ ጃርት ከከርከሮ የተሻለ ቆፋሪ ነበር። ጭቃውን በራሱ ጀርባ ተሸከመ፣ የተደበቀውንም ገልጦ አሳየ። የትምህርት ሚኒስትሩም እንዲሁ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ሆነ፤ ጥር 2015 ላይ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን የነገሩን ራሳቸው ናቸው። ያን ቁጥር ሳይሸፋፍኑ መናገራቸውን አከብራለሁ። ግን ያን ዕለት የኢዜማ መሪ ተነሥተው የትምህርት ሚኒስትሩን «ይህ ሁሉ ልጅ ነገ ወዴት ይሂድ?» ብለው ሊያፋጥጡ ቢፈልጉ፣ የሚያፋጥጡት ሰው ከመስታወት ሌላ የት ይገኛል?

በሮቢ ዳር ሐምሌ ገባ። ጣርማ በር አናት ላይ ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ሸዋ ሮቢት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የቆላ ጎርፍ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ደመናው ሰው አገር፣ ውኃው እኛ ደጅ። ወደ ማታ ሮቢ እንደ ነጋሪት እያገሳች መጣች። ጅግራ ጮኸች፤ የጎተራ ተመልካች ስለ ቦይ ምን አገባት ተባለ። ግመሉን ሊያጠጣ የመጣ አንድ አፋር ብቻ ድምፁን ሰምቶ ግመሎቹን ወደ ከፍታው ነዳ።

ጃርት በዚያች ሰዓት ከሁለቱ ዳር በየትኛው እንደነበር ጅግራና ኤሊ እስካሁን አልተስማሙም። ስንጥቁ በስንዝር የተለካው ለመጨረሻ ጊዜ በከርከሮ ዘመን ነው፤ ግማሽ ስንዝር ነበር።