ጉዳዩ፦ ሐሳብን በመስመር ስለ መዝራት

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን ሆይ፣

የምጽፍላችሁ ከመልካሳ ነው። መልካሳን ታውቋታላችሁ። አዳማ ላይ ለግምገማ፣ ለሥልጠናና ለግንዛቤ ማስጨበጫ ተሰብስባችሁ፣ አበሉ ተፈርሞ ቅዳሜ ሲደርስ ወደ ሶደሬ ለመውረድ የምታልፉባት የአዋሽ ዳር ከተማ ናት። ወደ ፍልውሃው ስለምትቸኩሉ ግራ ቀኙን አላያችሁትም ይሆናል እንጂ፣ እዚህ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ የግብርና ምርምር ማዕከል አለን። እኔ የማዕከሉ ሠራተኛ አይደለሁም። አጥሩን ታክኬ የምኖር፣ የሚዘራውንና የሚነቀለውን እያየሁ ጸጉሬ የሸበተ ጎረቤት ነኝ። ጎረቤት ደግሞ ያየውን ማውራት ይወዳል።

እዚያ አንድ አዲስ የቦሎቄ ዝርያ ሲገኝ «ምርጥ ነው» ተብሎ በማግሥቱ ለገበሬ አይታደልም። መጀመሪያ ከተቀናቃኞቹ ጎን ለጎን ይዘራል። በመካከላቸው ገበሬው ዱሮ የሚያውቀው ዝርያ የግድ ይኖራል፤ ማነጻጸሪያ ይሉታል። ሙከራው በአንድ ማሳ አያበቃም። ይደገማል፤ ዝናብ ወደሚበዛበትም ወደሚያጥርበትም ቦታ ይሄዳል። ከዚያ የመስክ ቀን ይባልና ገበሬዎች ይጠራሉ። ተመራማሪው ምርቱ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ ሲያብራራ፣ አንዲት አዴ ጎንበስ ብለው ፍሬውን በጥርሳቸው ይሞክሩና «ይሄ ማገዶ ይጨርሳል» ይላሉ። «ለመናገር ፈቃድ አለዎት ወይ?» የሚላቸው የለም። «ከጀርባዎ ማን አለ?» የሚላቸውም የለም። ተመራማሪው ማስታወሻውን አውጥቶ ይጽፋል። አዋሽ-1 የተባለው ነጭ ቦሎቄም ሆነ መልካሳ-2 የተባለው በቆሎ እንዲህ ከሌሎች ጋር ተወዳድረው የወጡ ናቸው።

ለቦሎቄ የምንሰጠውን ክብር እናንተ ለሐሳብ ብትሰጡት ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የእናንተ አሠራር ለየት ይላል። ዝርያው አንድ ነው፤ ማነጻጸሪያ የለውም፤ አዘራሩም በመስመር ነው። የቅርቡን ላስታውሳችሁ። በሚያዝያ 2006 የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ወጡ፤ ሰዎች ተገደሉ። መንግሥት የደረሰበት መደምደሚያ ተማሪዎቹ ሥልጠና ይጎድላቸዋል የሚል ሆነ። በዚያው ክረምት በየዩኒቨርሲቲው ተጠርተው የመንግሥትን ፖሊሲ በወግ በወጉ ተማሩ። አዳራሹ ሙሉ ነበር፤ ማይክሮፎኑም ይሠራ ነበር፤ የሚናገረው ወገን ብቻ አንድ ነበር። አዝመራው ለመድረስ ብዙም አልቆየም። በኅዳር 2008 ከግንጪ ተነሥቶ ኦሮሚያን ባዳረሰው ተቃውሞ ከፊት ከተሰለፉት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። አንድ የመልካሳ ተመራማሪ እንዲህ ዓይነት ውጤት ቢያገኝ ዘሩን ይጥለው ነበር። እናንተ ግን እንደ ሰማሁት ሠልጣኙን ነው የጠረጠራችሁት።

ነገሩ በእናንተ አልተጀመረም፤ በዚህ ልትጽናኑ ትችላላችሁ። በ1953 ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ በኮሌጅ ቀን «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አቀረበ፤ ብዙ ሳይቆይ ቤተ መንግሥቱ የኮሌጅ ቀን ግጥም ማዳመጥ አስጠላው። ግጥም ሲጠላ ሰልፍ መጣ፤ በ1957 «መሬት ለአራሹ» ተባለ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱ በስድስት ኪሎ ግቢ የክብር ዘበኛ ጥይት ተተኮሰ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ዙፋኑ ራሱ አልነበረም። ደሃው በግጥም ሲናገር ቢሰሙት ኖሮ የሚቀልል መስሎ ይታየኛል፤ በግጥም የሚናገር ደሃ ቢያንስ ቤት ይመታል።

ከደርግ ቀጥሎ የመጣው መንግሥትም በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራንን በአንድ ጊዜ አሰናበተ፤ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ነበሩ። ነገር ግን በሰፊው ላነሣው የምፈልገው 1993ን ነው፤ ምክንያቱም የቤታችሁ ጉዳይ ነው።

በዚያ ዓመት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጥያቄ ምን ነበር? ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን፤ ነፃ ኅብረት ይኑረን፤ ጋዜጣችን ይፈቀድልን። መጋቢት 30 ቀን ሁለት ምሁራን በአንድ ውይይት ላይ ስለ አካዳሚክ ነፃነት ተናገሩ። ሚያዝያ 9 እና 10 ከተማዋ ተናወጠች፤ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ወር መጨረሻ ሁለቱ ምሁራን ተማሪ አነሣሥታችኋል ተብለው ታሰሩ፤ በዋስ እስኪወጡም አንድ ወር ገደማ ቆዩ። አንደኛው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ፤ በመስከረም 2013 አርፈዋል። ሁለተኛው፣ የኢኮኖሚክስ መምህሩ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ በመስከረም 2014 ትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

እንግዲህ ክቡራን፣ እስቲ አንድ ማመልከቻ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱልኝ። የውይይቱ ርዕስ፦ አካዳሚክ ነፃነት። ተናጋሪ፦ መንግሥትን የሚተች የኢኮኖሚክስ መምህር። ታዳሚ፦ የተቆጡ ተማሪዎች፣ ብዛታቸው አዳራሹ የያዘውን ያህል። ይህ ወረቀት ነገ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአንዱ፣ በተማሪዎች ዲን ጠረጴዛ ላይ ቢያርፍ ምን ይጻፍበታል? እኔ ዲኑን ብሆን የምጽፈውን አውቃለሁ፦ «ርዕሱ መልካም ሆኖ ሳለ ወቅቱ አመቺ ባለመሆኑ ከፈተና በኋላ ይታያል።» ከዚያ አዳራሹ ለሌላ ፕሮግራም ይያዛል፤ የአዳራሹ ቁልፍ የያዘው ሰው ለመስክ ሥራ ይወጣል፤ የድምፅ ማጉያው ይበላሻል። ክቡር ሚኒስትሩ በ1993 የተናገሩትን ዛሬ ለመናገር ሚኒስትር መሆን ያስፈልጋቸዋል።

ሐሜተኛ እንዳትሉኝ ምስጋናም አለኝ። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከስርቆት ለመጠበቅ ተማሪውን ዩኒቨርሲቲ አስገብታችሁ ፈተናችሁት፤ ከዚያም ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ብላችሁ ሳትፈሩ ለሕዝብ ተናገራችሁ። አገር ደነገጠ፤ አገር ግን አልፈረሰም። አሳፋሪ እውነት በአደባባይ መናገር ለሚኒስቴር ከተፈቀደ፣ «ቤተ ሙከራችን ባዶ ነው፤ የካፌው ወጥ ውሃ ነው፤ ይህ ፖሊሲ ስሕተት ነው» ማለት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለምን ይከብዳል? እሱ በመቶኛ እንኳ አላሰላውም።

«ወልዲያስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ቀልዴን አቆማለሁ። በ2012 መጀመሪያ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገደሉ፣ ጠቡም ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት፣ ልጁን ራቅ ወዳለ ክልል የላከ ወላጅ ሁሉ ስልኩን ታቅፎ ነው ያደረው። ስጋታችሁ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ዱላ ይዞ የወጣው ልጅ ሰብሳቢና ተራ ካለበት የአዳራሽ ክርክር አልነበረም የመጣው። የሌላ ብሔር የዶርም ጓደኛው ምን እንደሚያስብ በግልጽ ጠይቆት አያውቅም፤ የሚያውቀው በስልክ የተላከለትን ነው። አዳራሹን ስትዘጉ ወሬው አይዘጋም፤ የሚያስተባብለው ሰው ብቻ ነው ውጭ የሚቀረው። ሰው ግደሉ፣ አባሩ ለሚል ደግሞ ሕግ አላችሁ፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ወጥቷል። ለእሱ አንድ ሰው ክሰሱ፤ ለአንድ ሰው ብላችሁ ግቢ ሙሉ አፍ አትለጉሙ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን መግለጽን፣ በአንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ መሰብሰብን ሲፈቅድ «ከዩኒቨርሲቲ አጥር ውጭ» የሚል ሐረግ አልጨመረም።

ወደ ሠፈራችን ልመልሳችሁ። ጨፌ ኦሮሚያ የሚሰበሰበው እዚሁ አዳማ ነው። ስሙን ያወረሰው የገዳ ጉባኤ በኦዳ ዛፍ ሥር፣ ደጅ ላይ፣ ሁሉ እያየው ነበር የሚመክረው። ዩኔስኮ በ2009 ገዳን ሲመዘግብልን ጨፍረናል። በዚያችው ከተማ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲያችን ደግሞ አንድ ጊዜ ከጀርመን፣ አንድ ጊዜ ከደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት መጥቶለታል። ጥሩ ነበር፤ ሳይንስ ከየትም ይምጣ። ከፕሬዚዳንቶቹ ጋር ሳይመጣ የቀረው ዕቃ ግን ይቆጨኛል። በኮሪያ በ1960 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪን ከሥልጣን አስወረዱ፤ ያ የሚያዝያ ቀን ዛሬ በሕገ መንግሥታቸው መግቢያ ላይ ተጽፏል። በጀርመን በ1943 እ.ኤ.አ. ሶፊ ሾልና ወንድሟ ሐንስ ናዚን የሚያወግዝ ወረቀት በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ውስጥ ሲበትኑ አይቶ ያስያዛቸው ሥራውን የሚወድ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ነው። በአራት ቀን ውስጥ ተሰይፈዋል። አሁን ከዩኒቨርሲቲው ፊት ያለው አደባባይ በሁለቱ ስም ይጠራል። ለሠራተኛው የተሰየመ መንገድ እንዳለ ለሚጠይቁኝ የጥበቃ ባልደረቦች መልሴ አጭር ነው፤ የለም።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በየግቢው አንድ ዛፍ ለዩልን፤ ከሥሩ የሚናገር ሰው ማመልከቻ አይጻፍ። አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ ያለ ማኅተም ይተውልን። ተማሪው ጋዜጣውን ያሳትም፤ ከሰደበንም መልስ እንጽፍበታለን፤ እናንተም መልስ ላኩ፤ ማነጻጸሪያ ማለት ይኸው ነው። ጥበቃው በር ላይ ጩቤ ይፈልግ፤ ወረቀት ግን አያንብብ። ሃሳቡ አደገኛ ከመሰላችሁ በሦስት ግቢ በድግግሞሽ ሞክሩትና ውጤቱን አሳውቁን። ባለሙያ ካጠራችሁ መልካሳ ሞልቷል፤ አበል የሚጠይቁትም ከእናንተ ያነሰ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የመልካሳ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለክቡር ሚኒስትሩ፣ የ1993ቱ ተናጋሪ በመሆናቸው
ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ዲኖች፣ ከፈተና በፊት እንዲታይ
ለጥበቃ ክፍል፣ በር ላይ ተነቦ ካለቀ በኋላ እንዲገባ