ቀለም የጨረሰው እስክሪብቶ

ይኼ ሁሉ ጣጣ የመጣው አንዲት ትንሽ ውሸት ስለዋሸሁ ነው፤ ያውም በቤተ ክርስቲያን ግቢ።

አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ስቀድ አድራለሁ። ካርቶን ቀዳጅ ያለ ሰንጢ አይሆንለትም፤ የእኔዋም እንደ ባልደረቦቼ ሰንጢ ሁሉ በክሊፕ ኪሴ አፍ ላይ ተንጠልጥላ ነው የምታድረው። አንድ እሑድ ከሥራ እንደወጣሁ ሱሪ ሳልቀይር ቅዳሴ ሄድኩ። ቅዳሴው አልቆ ግቢው ውስጥ ስንሳሳም ነጠላዬ ገለጥ አለና የአንዲት እናት ዓይን ኪሴ ላይ ዐረፈ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው ይኼ የሚያብለጨልጨው?»

«እስክሪብቶ ነው፣ እማማ።»

«እሰይ! በል የልጆቼን የክርስትና ስም ጻፍልኝ፣ ለቄሱ ልሰጥ።»

«ቀለም ጨርሷል።»

«ታዲያ ባዶ እስክሪብቶ ተሸክመህ መዞር ምን ይባላል?»

ምንም አይባልም። ማታውኑ ክሊፑን ልነቅል ቆረጥኩ።

ክሊፑ እንኳ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ከእኛ ሰፈር በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ጎልደን የምትባል ከተማ ያለው ስፓይደርኮ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 «ዎርከር» ያላትን ሰንጢ ሲያወጣ ነው ታጣፊ ቢላዋን ከኪስ አፍ ጋር ያጋባው። ከዚያ በፊት ሰንጢ ወይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ሥር ትጋፋ፣ ወይ ቀበቶ ላይ በቆዳ ሰገባ ትታሰር ነበር። የእኔዋ የእነሱ ሥራ አይደለችም። የማን እንደሆነች አልናገርም፤ ልወቅሳት ነውና።

ክሊፑን የያዙት ሦስት ብሎኖች ጥቁር አዝሙድ ያህላሉ። አናታቸው ላይ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ተቀርጿል። ቶርክስ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካኖች ያወጡት ነው። ባለ መስቀሉ ብሎን ጠበቅ ሲያደርጉት ካቻቪቴውን ገፍቶ ያስወጣል፣ ኮከቡ ግን ጥርሱን ነክሶ ይይዛል። የእኔ ብሎኖች ቁጥራቸው ቲ6፣ ከጫፍ ጫፍ 1.7 ሚሊሜትር ገደማ።

እኛ ቤት ካቻቪቴ የሚባል ነገር አልነበረም። የሬዲዮኑን ክዳን፣ የድስቱን እጀታ፣ የሶኬቱን ብሎን፣ የሚፈታው ሁሉ የሚፈታው በሽንኩርት ቢላዋ ነበር። ጫፉ ያልተጣመመ የሽንኩርት ቢላዋ ያለበት ቤት ካያችሁ፣ እዚያ ቤት ወንድ ልጅ አላደገም። እኔም ብሎኑን እንዳየሁ እጄ በልማዱ ሰንጢዬን ሊያወጣ ኪሴ ገባ። ሰንጢዋ ለካ ጠረጴዛው ላይ ናት። የምትፈታው እሷ ናት!

ቲ6 ገዛሁ። የመጀመሪያው ብሎን ወጣ። ሁለተኛው ንቅንቅ አልል አለ፤ ብሎን እንዳይላላ የሚቀባ ሙጫ አለ፣ ሰማያዊው በእጅ ጉልበት ይለቃል፣ ቀዩ ግን እሳት ካላየ አይሰማም። ከጎረቤት የሬዲዮ መበየጃ ካውያ ተውሼ አናቱን አሞቅሁትና ወጣ፤ ወጥቶም ምንጣፉ ውስጥ ገባ። የሦስተኛው ጥርስ ተበላ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ጥቁር አዝሙድ ስፈልግ ነው ደሜ የፈላው። ቆይ እንጂ፣ ምን አጥፍቼ ነው? ቀና ስል ግድግዳችን ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ቆሟል። ልጆቻችንን ፎቶ የምናነሣው ምግብ ቤቱ በሰቀለው ጋሻና ጎራዴ ሥር አቁመን ነው። ቁርጥ ላይ ስንቀመጥማ እያንዳንዳችን ከሰንጢዬ እጥፍ የሚረዝም ቢላዋ ከአፍንጫችን ሥር እያስኬድን ፖለቲካ እንጨቃጨቃለን፤ አንድም ሰው አይደነግጥም! ከካርቶን በቀር ቆርጣ የማታውቅ፣ ስለቷ ሦስት ኢንች ያልሞላ ሰንጢ ግን ኪስ ላይ ከታየች ባለቤቷ ዱርዬ ነው። በግድግዳ የሰቀልነው ቅርስ፣ በእጃችን የያዝነው ባህል፣ እንጀራ የምንበላበት መሣሪያ ነውር! ማነው ይህን የደነገገው?

«ቀለሙን ሞላህለት?» አለች ባለቤቴ፣ ውኃ ልትጠጣ ተነሥታ።

ያን ጊዜ ነው እማማ ምንም እንዳላሉኝ ትዝ ያለኝ። የጠየቁኝ እስክሪብቶ ነው። ራሴን ዱርዬ ያልኩት እኔው ነኝ።

ክሊፑ ዛሬም አልወጣም። በዚያች በቀረችው አንዲት ብሎን ተንጠልጥሎ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዘንግ ይዞራል፤ ኪስ አይዝ፣ አይለቅ። ባልደረቦቼ ስንት ሰዓት ሆነ እያሉ ይቀልዱብኛል።

ባለፈው እሑድ ሰንጢዋን ቤት ትቼ ሄድኩ። እማማ ከሩቅ ጠቀሱኝና ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡኝ። «ይኼኛው ይጽፋል» አሉኝ። እውነትም ይጽፋል። ክዳኑ ግን እስከ ግማሹ ታኝኳል። እማማ ጥርስ የላቸውም። ሳምንቱን ሙሉ ማን እንዳኘከው እያሰብኩ ነው፤ ሰው ግን የእስክሪብቶ ክዳን ምን ጣዕም አግኝቶበት ነው?